ግንባታ ላይ ያለው ማሳለጫና ጊዜያዊ መንገዱ፦ የአንዲት ሰርቪስ ሾፌር ግምገማ

ስለ ማሳለጫው ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። መቼ ያልቃል? እኔ መገምገም የምፈልገው ግን ገና የሚያልቀውን መንገድ አይደለም፤ አሁን የምንሄድበትን ነው። የተማሪ ሰርቪስ ነው የምነዳው። ጠዋት ልጆቹን አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ማለፊያዬ ይሄው ግንባታ ነው። ድልድዩ እስኪከፈት ድረስ ለእኔም ለልጆቹም መንገድ ማለት ኮኑ፣ የኮንክሪት ማገጃው፣ ተለዋጩና ምልክት ሰጪው ናቸው። ይሄ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። በደንብ ሊሠራም፣ ሊበላሽም ይችላል። በዚህ ቦታ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ቀድሞ ቦታው ባለ መብራት መስቀለኛ ነበር። ሁለት ዋና ዋና መንገዶች እኩል ሜዳ ላይ ይገናኙበታል። አሁን አንዱ በላይ ሊያልፍ ነው። መግቢያና መውጫዎቹም በጎን በጎን እየተሠሩ ነው። ለዚህ ሲባል መሃሉ ተቆፍሮ ታጠረ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ዳር ተገፋ። በየአቅጣጫው የነበረው መስመር ቀነሰ። ወደ ግራ መታጠፍ ደግሞ ጭራሽ ተከለከለ። ወደ ግራ የሚፈልግ ሰው ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ወደፊት ካለው መዞሪያ ዞሮ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው በጣም የተማረረው በዚህ ነው። "እዚያ ማዶ ያለ ቤት ለመድረስ አገር ዞሬ ልምጣ?" ያላለ የለም። እኔ ግን ይሄኛውን ውሳኔ እደግፈዋለሁ። አራት አቅጣጫ ያለው ተራ መስቀለኛ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው 32 ነጥቦች አሉት፤ የመንገድ መሐንዲሶች እንደዚህ ነው የሚቆጥሩት። ከነዚህ 16ቱ አንዱ የሌላውን መንገድ አቋርጦ የሚያልፍባቸው ናቸው። ከባዱ አደጋ የሚመጣውም ከነሱ ነው። ከ16ቱ ደግሞ 12ቱ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ያለባቸው ናቸው። እና መሃሉ ታጥሮ፣ እይታው በአፈር ክምርና በብረት ተጋርዶ፣ ግራ መታጠፍ ይፈቀድ ማለት ከባድ ነው። መዞሪያው ጊዜ ይበላል፣ እውነት ነው። ግን መብራቱ ላይ ለግራ ታጣፊ ይሰጥ የነበረው ጊዜ ለቀጥታው ስለተረፈ ሰልፉ በፊት ከነበረው ብዙም አልረዘመም። ጠዋት ጠዋት ይሄን በዓይኔ አያለሁ።

ሌላው በጣም የወደድኩት ማስታወቂያው ነው። ለውጥ ሲኖር ቀደም ብሎ በመብራት የሚጽፈው ቦርድ ይቆማል። የት እንደሚቆም የመረጠው ሰው መንገዱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። መታጠፊያው አፍ ላይ አይደለም ያለው፤ ከዚያ በፊት፣ ሐሳብህን ቀይረህ በሌላ መንገድ መሄድ በምትችልበት ቦታ ላይ ነው። ጽሑፉም አጭር ነው። ሁለት ገጽ ብቻ ይቀያየራል፤ አንዱ ምን እንደሚዘጋ፣ ሌላው መቼ። የአሜሪካው የመንገድ ምልክቶች መመሪያም እንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ከሁለት ገጽ እንዳያልፍ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይበላል። ሾፌሩ ሦስተኛውን ገጽ ልጠብቅ ካለ ዓይኑ ከመንገዱ ተነስቶ 50 ሜትር ሄዷል ማለት ነው።

ወደ ኮኖቹ ልምጣ። መስመር ሲዘጋ ኮኖቹ ሰያፍ ተሰልፈው መኪናውን ቀስ እያሉ ወደ ጎን ያመጡታል። ይሄ ሰያፍ ሰልፍ ምን ያህል ይርዘም የሚለው በዓይን ግምት አይወሰንም። ፍጥነት ነው የሚወስነው። በዚያው መመሪያ ስሌት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ለሚኬድበት መንገድ አንድ መስመር ለመዝጋት 55 ሜትር ገደማ ይበቃል። በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 220 ሜትር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ሆነ።

እኛ ጋ ከሜዳው በኩል የሚመጣው ሰልፍ ሸጋ ነው። ረጅም ነው፣ ኮኖቹ እኩል ተራርቀዋል፣ መሪውን ትንሽ ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ከቁልቁለቱ በኩል የሚመጣው ግን አጭር ነው። እዚያ ጋ መኪናው በራሱ ክብደት እየፈጠነ ነው የሚደርሰው፤ ኮኑ ደግሞ ድንገት ፊትህ ይቆማል። ፍሬን ስይዝ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ቦርሳ ወደፊት ይንሸራተታል። እኔ ቀላል መኪና ነው የያዝኩት። ጭነት የሞላ ተሳቢ እዚያ ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ኮን ጨፍልቆ ያልፋል። ጠዋት ሠራተኞቹ የተጨፈለቀውን አንስተው ሌላ ያቆማሉ። ማታ ደግሞ ይደገማል። በየቀኑ ኮን የሚበላ ቦታ ካለ ጥፋቱ የሾፌሮቹ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሰልፉ ወደ ላይ፣ ወደ ቁልቁለቱ አናት ይርዘም። ቦታው አለ።

ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ የሚገቡበት ቦታ ደግሞ ለብቻው ማውራት ይፈልጋል። እዚያ ጋ ሰው በሰው ላይ የሚናደደው በከንቱ ነው። ብዙው ሾፌር መስመሩ እንደሚዘጋ ገና ከሩቅ ሲያይ ወደ ክፍቱ ይገባና ይሰለፋል። ባዶውን መስመር ይዞ እስከ ጫፍ የሄደውን "ጮሌ" ይለዋል፣ ጥሩምባ ይነፋበታል፣ አላስገባም ብሎ ይጠጋበታል። ግን ትክክለኛው አካሄድ የዚያኛው ነው። ሁለቱም መስመር እስከ ጫፍ ድረስ ሲሞላ ሰልፉ ያጥራል፤ ጫፉ ላይ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ፣ ተራ በተራ መግባት ነው። ጀርመን አገር ይሄ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ የትራፊክ ሕጋቸው ላይ የተጻፈ ግዴታ ነው። እኛም ጋ "ሁለቱንም መስመር ተጠቀሙ" የሚልና ወረድ ብሎ "እዚህ ተራ በተራ ግቡ" የሚል ሰሌዳ ከቆመ ወዲህ ጭቅጭቁ በጣም ቀነሰ። ድሮ ሰልፉ ወደኋላ ተስቦ የትምህርት ቤቱን መታጠፊያ ይዘጋብን ነበር። አሁን አይደርስም። ሁለት ሰሌዳ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቆም ነበረበት።

የዚህን ቦታ ሰዎች ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ከመውጫዎቹ በአንዱ በኩል መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ ይጠብባል። ሁለቱም አቅጣጫ በተራ ነው የሚያልፈው። በየጫፉ አንድ አንድ ምልክት ሰጪ ቆሞ በሬድዮ ይነጋገራሉ። በእኛ በኩል የሚቆመው ወጣት ሥራውን ያውቃል። ዝም ብሎ ሰሌዳውን አያዞርም። መጀመሪያ ዓይንህን ያያል። እጁን ከፍ አድርጎ መዳፉን ያሳይሃል፤ ፍጥነትህ መቀነሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው "ቁም" የሚለውን የሚያዞረው። ልጆች የጫነ መኪና ሲያይ ደግሞ መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ከቦታው አይነቃነቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬድዮው ጠፋበት። ባትሪ አልቆ ይሁን ሌላ፣ ብቻ አይሠራም። መንገዱ መሃል ላይ ስለሚታጠፍ ደግሞ ሁለቱ ምልክት ሰጪዎች አይተያዩም። ልቤ ደነገጠ፤ ሁለቱም በግምት መኪና ከለቀቁ ጠባቡ ላይ አፍ ለአፍ መግጠም ነው። ልጁ ግን ምንም አልተረበሸም። የፊት የፊቱን መኪኖች አሳለፈና እኔን ጫፉ ላይ አስቆመኝ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት አጭር ዱላ በመስኮት ሰጠኝ። "እናቴ፣ መጨረሻዋ አንቺ ነሽ። ይሄን ማዶ ላለው ልጅ ስጪው። ሳይቀበል ማንንም አይለቅም" አለኝ። ልጆቹ ዱላውን ለመያዝ ተሻሙ። ትንሿ ልጅ ይዛው ሄደች፤ ማዶ ስንደርስ ራሷ በመስኮት አቀበለችው። ያኛው ዱላውን ተቀበለና የራሱን ሰልፍ ለቀቀ። በኋላ ሳጣራ ይሄ አሠራር በመመሪያ ደረጃ የታወቀ ነው። የመጨረሻው መኪና ባንዲራውን ካላደረሰ ማዶው አይከፈትም። ምልክት ሰጪዎቹን ይሄን አስተምሮ ያሰማራቸው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልግባ። ትልቁ የመሬቱ ቀለም ነው። መኪናው ወደ ዳር ሲገፋ አዲስ መስመር ተቀባ፤ አሮጌው ነጭ መስመር ደግሞ በጥቁር ቀለም ተሸፈነ። ቀን ላይ፣ ደረቅ ሲሆን፣ ችግር የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ግን ጥቁሩ ቀለም ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከፊት ስትመጣም እንደዚያው ነው። አዲሱና አሮጌው መስመር እኩል ይታያሉ። መዞሪያው ጋ አሮጌው መስመር ቀጥ ብሎ የሚወስደው የት መሰላችሁ? ኮንክሪት ማገጃው ላይ። ማገጃውን ቀርባችሁ ብታዩት ጫፉ ላይ የጎማ ጥቁረትና የተለያየ መኪና ቀለም ተፍቆበት አለ። እንግዳ ሾፌር ማታ በዝናብ ሲመጣ የሚያምነው መሬት ላይ ያለውን መስመር ነው። ሌላ የሚያምነው የለውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጀርመኖች ለግንባታ ጊዜ የሚቀቡት መስመር ቢጫ ነው፤ ቢጫ ባለበት ነጩ አይሠራም፣ አለቀ። ነጩ ቢታይም ሾፌር አይሳሳትም። ቢጫው በሕግ ካልተፈቀደ እንኳ አሮጌውን መስመር በማሽን መፋቅ ይቻላል። መፋቁም ቢሆን ጠባሳ ይተዋል፤ ግን በዝናብ አያበራም። ቢያንስ ያ መዞሪያ ላይ ያለው ይፋቅ።

ሁለተኛው የማታው ነገር ነው። ማታ ሲሠራ ለሠራተኞቹ ትልልቅ መብራት ይቆማል። ያስፈልጋል። ግን ከመብራቶቹ አንዱ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ከክረምት በኋላ ቶሎ ሲጨልም ልጆች ጭኜ ስመጣ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላይም። የሚገርመው እዚያው አጠገብ ያሉት የማገጃ ጫፎች አንጸባራቂያቸው በአቧራ ተሸፍኖ ጨልመዋል። መብራቱ ወደ መሬት ይጎንበስ፣ አንጸባራቂዎቹ በጨርቅ ይጠረጉ። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ባዶ ማስጠንቀቂያ ነው። "ሠራተኞች አሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ" የሚለው ሰሌዳ ሠራተኛ በሌለበት በእረፍት ቀንም ተገልጦ ይቆማል። "ቀኝ መስመር ዝግ ነው" ይላል፤ ስትደርስ ክፍት ነው። አንድ ጊዜ ሲሆን ምንም አይደለም። እየተደጋገመ ሲመጣ ግን ሾፌር ሰሌዳውን ማንበብ ያቆማል። እኔ ይሄን ከባልደረቦቼ ነጂዎች እሰማለሁ፤ "ተይው፣ እሱ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚለው" ይሉኛል። ከዚያ እውነት ሠራተኛ መሬት ላይ ተንበርክኮ ብረት የሚያስርበት ቀን ይመጣል፤ ሰሌዳው ያው ነው፣ ሾፌሩ ግን አይቀንስም። ያ ወጣት ምልክት ሰጪ የገነባውን እምነት አንድ ያልተሸፈነ ሰሌዳ ያፈርሰዋል። ሥራ ሲቆም ሰሌዳው ይሸፈን ወይም ይዙር። ማታ ከመውጣት በፊት አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያየው የሚያልቅ ነገር ነው። የሥራው ክልል የት እንደሚያበቃ የሚናገር ሰሌዳም የለም፤ አንዳንዱ ሾፌር ገና መሃሉ ላይ እያለ ያለፈ መስሎት ይረግጠዋል።

ስልክ ላይ ስላለው የመንገድ መሪ ካርታም አንድ ቃል። ለዚህ ቦታ አትመኑት። ግራ መታጠፍ ከተዘጋ ብዙ ቆይቶም "ወደ ግራ ታጠፍ" እያለ ይጮህ ነበር። አሁን ደግሞ ላይና ታች መንገድ ሊኖር ነው። ካርታው መኪናው ከላይ ይሁን ከታች መለየት ይቸግረዋል፤ ድልድይ ሥር ሲገባም የሳተላይቱ ምልክት ይደክማል። ልምድ የሌለው ሰው እዚያ ጋ ስልኩን እያየ መስመር ሲቀይር ነው ጣጣው የሚመጣው። ድምፁን አጥፉና ሰሌዳውን አንብቡ።

የድልድዩ ተሸካሚዎች የሚሰቀሉ ጊዜ መንገዱ ለሁለት ቀን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ሁሉም ተሸብሮ ነበር። እኔ ብዙም አልፈራሁም። 2011 ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 405 የሚባለውን አውራ ጎዳና ድልድይ ለማፍረስ ቅዳሜና እሁድን ይዞ ለ53 ሰዓት ሊዘጉት ሲሉ የዓለም ፍጻሜ የመጣ ያህል ተወርቶ ነበር። ቀኑ ሲደርስ መንገዶቹ ጭር አሉ። ሰው አስቀድሞ ስለሰማ ቤቱ ዋለ። ሥራውም ቀድሞ አልቆ መንገዱ ከተባለው ሰዓት በፊት ተከፈተ። እኛም ጋ እንደዚያው ሆነ። ቦርዱ ቀደም ብሎ ተናገረ፣ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች መልእክት ላከ፣ ሰው በሌላ መንገድ ሄደ ወይም ቀረ። ሰው ሲነገረው ይተባበራል። ያልተነገረው ነው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ የሚጨቃጨቀው።

እንግዲህ እስካሁን የተናገርኩት በመኪና ስለሚሄደው ነው። ለእግረኛው ያለኝ ግምገማ ሌላ ነው፤ ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ከሰርቪሱ ወርደው ቀሪውን በእግራቸው ይሻገራሉና። ለመኪና ቦርድ፣ ኮን፣ ምልክት ሰጪ፣ ሬድዮ ተዘጋጅቷል። ለእግረኛ የተዘጋጀው አንድ "በዚህ ማለፍ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ነው። በየት ይለፍ ታዲያ? የተፈቀደው መሻገሪያ በጣም ሩቅ ነው። ሰው አይዞርም። ሻንጣ የተሸከመ ልጅ አይዞርም፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት አይዞሩም። አጥሩ መሃል ባለው ክፍተት ገብተው ገልባጭ መኪናዎች በሚወጡበት በር ነው የሚያቋርጡት። ሥራውን ያቀደው ሰው እዚያ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሰው ቢያይ ኖሮ መሻገሪያው የት መሆን እንዳለበት እግራቸው ያሳየው ነበር። መሬቱ ላይ የእግር መንገድ ተሠርቷል፣ በግልጽ ይታያል።

ጉድጓዱ ላይ የተጋደመው የእንጨት መተላለፊያም ጫፉ ላይ ከመሬቱ ጋር አይገጥምም። የጉልበት ግማሽ የሚሆን ዝቅታ አለው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ሰው እዚያ ሲደርስ ሁለት መንገደኞች ከነወንበሩ ተሸክመው ሲያወርዱት አይቻለሁ። ሰዎቹ እዚያ ባይኖሩስ?

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመኪና ከአምስት አራት እሰጣለሁ። ማስታወቂያው፣ የግራ መታጠፊያው ውሳኔና ምልክት ሰጪዎቹ ይገባቸዋል። በቀለሙና ባልተሸፈኑት ሰሌዳዎች አንዱን ቀንሻለሁ። ለእግረኛ ከአምስት አንድ፤ እሱም መተላለፊያው መደገፊያ ስላለው ብቻ።

የላይኛው መንገድ በቅርቡ ይከፈታል ተብሏል። ያኔ ትራፊኩ ወደ ላይ ይወጣና ታችኛው በተራው ይዘጋል። በዚያ ሰሞን የምታልፉ ሾፌሮች፣ የለመዳችሁትን መስመር እርሱት። እጃችሁ በልምድ ወደ ድሮው አቅጣጫ መሪ ሊያዞር ይፈልጋል። ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ፣ መግቢያው ካለፋችሁ ወደኋላ አትመለሱ፤ ቀጥሎ ካለው መዞሪያ ዞራችሁ ኑ። የሚቸኩል ቀጠሮ ካላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሌላ መንገድ ሂዱ። እኔ ከወዲሁ ለወላጆች ቀደም ብዬ እንደምመጣ ነግሬያለሁ።

የእግረኛው መተላለፊያ ግን የላይኛው እስኪከፈት መጠበቅ የለበትም። ዝቅታው ላይ ተዳፋት የሚሆን ጣውላ፣ አጥሩ ጋ አንድ መብራት፣ ገልባጮቹ በሚወጡበት በር ደግሞ ትምህርት ቤት በሚገባበትና በሚለቀቅበት ሰዓት አንድ ምልክት ሰጪ። ይሄን ለሳይቱ ኃላፊዎች በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ ሌሎች ወላጆችም ፈርመውበታል። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ እናንተም አመልክቱ።